ከውጭ በጡረታ ተመልሰው ጎጃም ለገቡ፦ ቲን አወጣጥ ከሀ እስከ ፐ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤታቸውን ሊያከራዩ ያሰቡ፣ ባሕር ዳር መኪና ሊገዙ የተዘጋጁ፣ ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም ትንሽ ሱቅ ሊከፍቱ የተነሡ፣ ከውጭ በጡረታ የተመለሱ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። “ቲን አምጡ ተባልኩ፤ ከየት ነው የሚመጣው?” ይላሉ። እኔ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ከዘመዶቼም የተመለሱ ስላሉ ይህን መንገድ ከብዙዎች ጋር አብሬ ሄጃለሁ። የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሰው አገር ለፍቶ የመጣ ሰው በየመስኮቱ መንከራተት የለበትም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቲኑን ማውጣት ራሱ ከባድ አይደለም። ሰው የሚጉላላው በስሙና በልደት ቀኑ ነው። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም፣ ቢጫ ካርዱ (የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያው) ላይ ሌላ፣ ቀበሌ የጻፈው ደግሞ ሌላ ይሆናል። እነዚህን ሳያስማሙ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሄዶ መሰለፍ ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ የስሙንና የቀኑን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ቲን ምንድን ነው?

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። አሥር አሃዝ አለው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከተማ ቢቀይሩም ሥራ ቢቀይሩም ያው ቁጥር ይከተልዎታል። የሚሰጠው በነፃ ነው።

ብዙ ጡረተኛ “ቲን ካወጣሁ ግብር ይጣልብኛል” ብሎ ይፈራል። ቁጥሩን መያዝ ብቻውን ግብር አያስከፍልም። ግብር የሚመጣው ገቢ ሲኖር ነው፤ ቤት ሲያከራዩ፣ ሲነግዱ፣ ተቀጥረው ሲሠሩ። ገቢ ሳይኖርዎት ለመኪና ዝውውር ብቻ ቲን ቢያወጡ የሚከፍሉት የገቢ ግብር የለም።

የሚጠየቁትም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፦ ቤት ወይም መኪና ሲገዙና ሲሸጡ ውሉ ሲመዘገብ፣ የንግድ ፈቃድ ሲያወጡ፣ ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጡ፣ ቤትዎን ለድርጅት ወይም ለመሥሪያ ቤት ሲያከራዩ፣ ለንግድ የሚሆን የባንክ ብድር ሲጠይቁ። የጡረታ ገንዘብዎ ከውጭ በባንክ እንዲገባልዎ ብቻ ከፈለጉ ግን የቁጠባ ሂሳብ ለመክፈት ቲን አያስፈልግም። ባንኩ አሁን አጥብቆ የሚጠይቀው ፋይዳን፣ ዲጂታል መታወቂያውን፣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንደፈለጉት ይወስኑ። “ለማንኛውም ይኑረኝ” ብሎ መሄድ ወደማይፈልጉት ምዝገባ ሊያስገባዎት ይችላል። ወደዚህ ወረድ ብዬ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ የነበራችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ሌላ አገር የነበራችሁም የዚያ አገር መለያ ቁጥር፣ እዚህ በቲን ፋንታ አይሠራም። በተቃራኒው ደግሞ ውጭ ያለው ባንክ ወይም የጡረታ ድርጅት “ግብር የምትከፍለው የት አገር ነው? የዚያን አገር መለያ ቁጥር ሙላ” የሚል ቅጽ ሊልክላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያው ቲን ይጠቅማል።

መጀመሪያ ድሮ ቲን እንዳለዎት ያጣሩ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ከመሄድዎ በፊት በደሞዝ ተቀጥረው ከነበረ፣ ወይም በመሀል ለዕረፍት መጥተው መኪና በስምዎ አዙረው ከነበረ፣ ወይም ወንድምዎ ቤት ሲገዛልዎ አሻራ ሰጥተው ከነበረ፣ ቲን ሊኖርዎት ይችላል። ቁጥሩን ረስተውት ይሆናል፤ ሲስተሙ ግን አይረሳም። አሻራዎን ሲሰጡ የድሮው ምዝገባ ይወጣና አዲሱ ይቆማል።

በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት አንድ ሰው ከአንድ በላይ ቲን ሊኖረው አይችልም። ሁለት ማውጣት፣ የራስን ለሌላ ሰው ማዋስ፣ በሌላ ሰው ቲን መጠቀም ወንጀል ነው፤ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። “የእህቴን ልጅ ቲን ልጠቀም” የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ አሁኑኑ ይተዉት። የእህትዎን ልጅም ችግር ውስጥ ይከታል።

ስለዚህ መስኮቱ ላይ የመጀመሪያ ንግግርዎ “ቲን አውጡልኝ” ሳይሆን “በስሜ የተመዘገበ ቲን ካለ ፈልጉልኝ” ይሁን። ከተገኘ ሥራው ቀለለ። አድራሻውንና ስልኩን አሳድሱልኝ ብለው ማመልከት ብቻ ነው የሚቀረው።

አገር ውስጥ የሚኖሩበት ወረቀት

እዚህ ላይ ሰው በሦስት ይከፈላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ያልቀየረ ሰው እንደማንኛውም ዜጋ ነው። ዜግነት የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ መያዝ አለበት። ይህ መብት የመጣው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቤት በስሙ ማፍራትም ይችላል። ሦስተኛው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ያልሆነው ነው። ለምሳሌ ባለቤትዎ የውጭ ሰው ከሆኑ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ቀድመው መጨረስ አለባቸው፤ በቱሪስት ቪዛ ይህን ሁሉ መጀመር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ቢጫ ካርዱ የሚያበቃበት ቀን አለው። ገና ውጭ እያሉ ያዩትና ሊያበቃ ከተቃረበ እዚያው ኤምባሲው ጋ ያሳድሱት። ጎጃም ከገቡ በኋላ ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ መውረድ፣ መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን እንኳ፣ ለዕድሜ ባለጸጋ አድካሚ ነው።

ፋይዳ

ፋይዳ ሳይኖርዎት ገቢዎች አይሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣው ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ዛሬ ባንኩም ገቢዎችም ሌላውም መሥሪያ ቤት የሚመረምርዎ በእሱ ነው። ለአገሩ ነዋሪ ሁሉ ስለሆነ ቢጫ ካርድ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። በነፃ ነው። ቴሌ ቅርንጫፎችና ባንኮች ላይ የሚመዘግቡ አሉ፤ ቅርብ ያለውን ይጠይቁ። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይነሣሉ። ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ይኖርዎታል፤ አንዱ ባለ 12 አሃዝ፣ ሌላው ባለ 16 አሃዝ። ሁለቱንም ማስታወሻ ላይ ይጻፉና ለማንም በቴሌግራም አይላኩ።

ስልክ ቁጥሩ በራስዎ ስም የወጣ ሲም ይሁን። ሰው እንደመጣ የወንድሙን ልጅ ስልክ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ማረጋገጫው መልእክት እሱ ስልክ ላይ ይገባል፣ አጎቱ እዚህ ቆሞ ይጠብቃል። ሲም ማውጣት ቀላል ነው፤ ቀድመው ያውጡ።

አሻራ ላይ አንድ የማውቀውን ልናገር። እትዬ አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውጭ አገር ሆስፒታል ስታጸዳ ነው የኖረችው። ጣቷ በሳሙናና በበረኪና ተልጧል። ፋይዳ የምትመዘግባት ልጅ “እማማ፣ አውራ ጣትዎን ጫን ያድርጉ” ትላለች፤ እትዬ ትጫናለች፤ መስታወቱ ላይ ያለው መብራት ቀይ ይበራል። እንደገና፣ ያው ነው። እትዬ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰብስባ “ይኸው ጣቴንም አገሬ አላወቀው አለ” ስትል ሰማኋት፤ ሆዴ ተላወሰ። ልጅቷ ጥሩ ሰው ነበረች። እጇን በለብ ያለ ውሃ አስታጥባ፣ ትንሽ ቫዝሊን አስቀብታ፣ በጨርቅ ጠረግ አድርጋ፣ መስታወቱንም ወልውላ ቀስ ብላ ደገመችው፤ ያዘ። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት ማታ ማታ እጃችሁን ቅባት አስለምዱት። የዕለቱ ጠዋት ግን ብዙ አትቀቡ፣ ጣት ከወዛ ደግሞ ያንሸራትታል። አንድ ሁለት ጣት አልነበብ ቢል ወይም ዓይን በሞራ ምክንያት ባይያዝ ምዝገባው አይቀርም፤ መዝጋቢው የሚሞላበት ሥርዓት ስላለ ይጠይቁት። አፍረው እንዳይመለሱ።

ስምና የልደት ቀን

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ወረቀት ይዘርጉ። ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ፣ ፋይዳ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ካለ እሱም፣ የቤት ካርታ ወይም የውርስ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር። ከዚያ ስሙን ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

እኛ አገር ስም ማለት የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ውጭ ደግሞ መጠሪያና የቤተሰብ ስም ይባላል። አበበ ካሣ ተገኘ የተባለ ሰው እዚያ ሲመዘገብ አያቱ የቤተሰብ ስም ሆነው የአባቱ ስም ይቀራል፤ ፓስፖርቱ “አበበ ተገኘ” ብቻ ይላል። እዚህ የቤቱ ካርታ “አበበ ካሣ” ይላል። ለእርስዎ አንድ ሰው ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን ሁለት ሰው ነው። ሴቶች ላይ ይብሳል። የባላቸውን ስም የያዙ ብዙ ናቸው፤ ካርታው በአባታቸው ስም፣ ፓስፖርቱ በባላቸው አባት ስም ይሆናል። ባልየው ሞቶ ወይም ተፋተው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የላቲኑ አጻጻፍም ይጣላል። ቀለሙ በኪው ይጻፍ በኬ? ፀሐይ በቲኤስ ይጀምር በኤስ? ፋይዳ ላይ በፓስፖርቱ ፊደል እንዲጻፍልዎ አጥብቀው ይጠይቁ፤ መዝጋቢው በጆሮው ሰምቶ እንዲጽፍ አይተዉት፤ ፓስፖርቱን ከፍተው ከኪቦርዱ አጠገብ ያስቀምጡለት።

ስሙ በእውነት ከተለያየ መፍትሔው ሁለት ነው። ለውጡን የሚያስረዳ የውጭ ወረቀት ካለ፣ ለምሳሌ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ወይም ዜግነት ሲቀይሩ የድሮ ስምዎ የተጻፈበት ሰነድ፣ እዚያው አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጠው ይዘውት ይምጡ። እዚህ ያስተረጉሙታል። ወረቀት ከሌለ ደግሞ በሚኖሩበት ወረዳ ፍርድ ቤት ምስክር አቅርበው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ትእዛዝ ያወጣሉ። ምስክር የሚሆኑት ከመሄድዎ በፊት የሚያውቁዎት ጎረቤቶችና ዘመዶች ቢሆኑ ይመረጣል። በሕይወት ያሉትን ዛሬ ይጠይቁ፤ ይህን ለከርሞ አያቆዩት። የትእዛዙን ዋና ቅጂ በደንብ ያስቀምጡ፤ ለቲን ብቻ ሳይሆን ለውርስም፣ ለካርታ ዝውውርም፣ ለባንክም የሚጠየቁት እሱኑ ነው።

ቀኑን ደግሞ እንይ። የውጭው ፓስፖርት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የቀበሌው በእኛ ነው። ጥር 1 ቀን 1948 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 10 ቀን 1956 ነው። በዘመኑ ቅጽ የሞላለት ሰው “ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው” ብሎ ጃንዋሪ 1 ካደረገው፣ ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22 ሆኖ ይመለሳል፤ ዘጠኝ ቀን ልዩነት መጣ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው 1956ን እንዳለ ወስዶ እንደ ኢትዮጵያ ዓመት መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየው በወረቀት ስምንት ዓመት ገደማ ወጣት ሆነ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲስተም ውስጥ ከገባ ማስተካከሉ ማመልከቻ በማመልከቻ ነው።

መመሪያዬ አጭር ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን መሠረት ያድርጉ፤ እውነተኛው የልደት ቀንዎ ሌላ ቢሆንም። እናትዎ “የተወለድክ ለኅዳር ሚካኤል ነው” ቢሉም ለወረቀት የሚሠራው የፓስፖርቱ ቀን ነው። እሱን በትክክል ወደ እኛ አቆጣጠር ይቀይሩና በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ይያዙት። ሲጠየቁ በቃል አይናገሩ፤ ወረቀቱን ይስጡ።

ቀበሌ

ገቢዎች አድራሻ ይጠይቃል። ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። በራስዎ ቤት ካሉ ካርታው ወይም የግብር ደረሰኙ፣ በኪራይ ካሉ ውሉ፣ በዘመድ ቤት ካሉ ደግሞ ከቀበሌው የነዋሪነት ማረጋገጫ ይበቃል። ወደ ቀበሌ ሲሄዱ የቤቱ ባለቤት አብሮዎት ይሂድ። ጎረቤት የሆነ አንድ ሰው ቢያክሉ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ጎጃም ውስጥ “የማን ልጅ ነህ?” ሲባሉ የሚመልስልዎ ሰው አብሮ መኖሩ ነገሩን ያቀለዋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወይም ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ወይም መስክ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ይዘው ደውለው ይሂዱ። ደብዳቤው ላይ ስምዎ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፉን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ማኅተም ከመመታቱ በፊት።

ገቢዎች መሥሪያ ቤት

ለግለሰብ ምዝገባ የሚሄዱት በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ዳንግላ ያላችሁ የከተማ አስተዳደሩን ገቢዎች ጠይቁ። ባሕር ዳር ከሆነ በክፍለ ከተማችሁ ይጀምራል፤ ፋሲሎ፣ ግሽ ዓባይ፣ በላይ ዘለቀ፣ ጣና እያለ ይቀጥላል። ንግድ ልትከፍቱ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የንግድ ምዝገባው ከቲኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የትኛው እንደሚቀድም እዚያ ያስረዷችኋል።

ሰዓቱ የታወቀ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30። ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ይዘጋል። እኔ የምመርጠው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት በጊዜ መግባት ነው። ሰኞ የሰንበቱ ጉዳይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ገበያ በሚውልበት ቀን ደግሞ የገጠሩ ሰው ጉዳዩን ከገበያው ጋር ስለሚያያይዝ ትንንሽ ከተሞች ላይ ወረፋው ይረዝማል። ከሁሉም በላይ ሐምሌ ላይ አይሂዱ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቅና ሐምሌ 1 ነጋዴው ሁሉ ይሰለፋል፤ ዝናቡም አለ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መጨረስ የሚችል ሰው ይጨርስ።

መብራትና ኔትወርክ ጠፍቶ “ሲስተም የለም” የሚባልበት ቀን አለ። በክልሉ ባለው ሁኔታ መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ከገጠር ከተማ የሚመጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱንም በስልክ ያጣራ፤ እዚያው ከተማ የሚኖር ወጣት ዘመድ ካለ ጠዋት ብቅ ብሎ አይቶ ይደውልለት።

ይዘው የሚሄዱት፦ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ወይም የቤት ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የስም ማረጋገጫ ካለ እሱ፣ የሁሉም ኮፒ። ኮፒውን ከቤት አዘጋጅተው ይምጡ። ዋናውን አሳይተው ይመልሱ እንጂ ለማንም ጥለው አይሂዱ።

ቅጹ ይሞላል፤ አሻራ ይሰጣሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ ሠራተኛው ከማጽደቁ በፊት “ስክሪኑን አንዴ ላየው” ይበሉ። በጨዋ ደንብ ከጠየቁ የሚከለክልዎ የለም። ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ የአያት ስሙን፣ ቀኑን፣ ስልኩን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ መነጽርዎን አይርሱ። ስሕተት እዚያ ወንበር ላይ ሳሉ ከታየ የደቂቃ ሥራ ነው። ከጸደቀ በኋላ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

የንግድ ፈቃድ ወጥመድ

ምን ሊሠሩ እንደሆነ ሲጠየቁ እውነቱን ብቻ ይናገሩ። መኪና ለማዞር ከሆነ “ለመኪና ዝውውር ነው፤ ንግድ የለኝም” ይበሉ። ቤት ለማከራየት ከሆነም ያንኑ። ከጎን የሚቆም ሰው “ለማንኛውም ንግድ ፈቃድም አብራችሁ አውጡ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል” ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ባይሠራበትም በየዓመቱ ማሳወቅና ማሳደስ አለበት። ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሳይመልስ ልጆቹን ሊጠይቅ ወደ ውጭ የሄደ ሰው ሲመለስ የግብር ውሳኔና ቅጣት ቆይቶ ጠብቆታል። በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ግብሩን በጊዜው ያላሳወቀ ሰው ካልተከፈለው ግብር እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ይጨመርበታል። ንግድ የጀመረና ያልቀናው ሰው ፈቃዱን መልሶ፣ ግብሩን አጣርቶ፣ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ወስዶ ይውጣ።

ጉዳይ አስፈጻሚና ውክልና

ደጅ ላይ “እኔ ላስጨርስልዎ” የሚል አይጠፋም። ለቲን ምንም ክፍያ የለም። አሻራው የእርስዎ ስለሆነ ማንም በእርስዎ ፋንታ ሊያወጣው አይችልም፤ ገንዘብ የሚቀበልዎት ለምንም ነው። ዘመድ አብሮዎት ቢሄድ ወረፋ ይይዝልዎታል፣ ቅጽ ይሞላልዎታል፤ እሱ ይበቃል።

ውክልና የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ ውጭ ሲመላለሱ ኪራዩን የሚያሳውቅ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ውክልናው ላይ “ግብር ማሳወቅና መክፈል፣ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ሰነድ መቀበል” የሚለው በግልጽ ይጻፍ። “ቤት መሸጥ መለወጥ” የሚለውን ግን ካላስፈለገ አያስገቡ። ለብዙ ቤተሰብ መጣላት ምክንያት የሆነው ያቺ አንዲት መስመር ናት።

ከወጣ በኋላ

የምዝገባ ወረቀቱን በሁለት ኮፒ ያስቀምጡ፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ውጭ ካሉት ልጆችዎ ጋር። አድራሻ ወይም ስልክ ወይም ስም ከቀየሩ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ቤት ያከራየ ሰው የኪራይ ውሉን ቅጂና ክፍያ የተቀበለበትን የባንክ ወረቀት በአንድ ፋይል ያኑር። ኪራዩን በእጅ ከመቀበል በባንክ መቀበሉ ለእርስዎ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ “ስንት ተቀበሉ?” ሲባሉ የባንኩ ወረቀት ይመልስልዎታል። ወረቀት ከሌለ መሥሪያ ቤቱ በግምት ይወስናል፤ ግምት ደግሞ ክርክር ያመጣል።

በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ ስለሚያገኘውም ገቢ ሊጠየቅ ይችላል። ውጭ የሚከራይ ቤት ወይም ትርፍ የሚያስገኝ አክሲዮን ያላችሁ ይህን ከግብር ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ የተከፈለ የውጭ ግብር ካለም ደረሰኙን አትጣሉ። የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ጎጃም ብትኖሩም የአሜሪካው ዓመታዊ የግብር ማሳወቅ አይቀርላችሁም፤ የእነሱ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ የእኛው ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ ሁለት ፋይል ለየብቻ ያዙ።

ገና ውጭ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አሁን የምትሠሩት ሦስት ነገር ነው። ቢጫ ካርዱን አሳድሱ፣ የስም ለውጥ ወረቀቱን ኤምባሲ አረጋግጡ፣ የሁሉንም ሰነድ ኮፒ አንሡ። ቀሪው እዚህ ይጨረሳል።